የዘመቻ ሰልፍና የወግዲ ገደል

«ሰልፍ» የሚለው ቃል ዛሬ በተለመደው አማርኛ ተራ ይዞ መቆምን ወይም በአንድነት በአደባባይ መሄድን ያመለክታል። በቀድሞው ጽሕፈት ግን ሰልፍ ማለት ውጊያም ነበረ፤ ለውጊያ የሚያዙት ሥርዓትም ነበረ። ቃሉ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ መያዙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ ሥርዓት የሌለው ጭፍራ ሊዋጋ እንደማይችል አባቶች ያውቁ ነበርና። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያን ጦር በጉዞ ላይ ያዩ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች፥ እግረኛው ከበቅሎው፥ ሴቱ ከወንዱ፥ ጋሻ ያዡ ከእንጀራ ጋጋሪዋ ጋር ተደባልቆ ሲሄድ ተመልክተው፥ ይህ ጦር ሳይሆን የሚፈልስ ሕዝብ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። እነዚህ ሰዎች የለመዱት በልምምድ ሜዳ ላይ በከበሮ ምት እኩል የሚረግጥ ወታደር ስለ ነበረ፥ ሌላውን ሥርዓት እንደ ሥርዓት ሊቈጥሩት አልቻሉም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የአንድ ጦር የጉዞ ሰልፍ የሚሠራው በልምምድ ሜዳ ብቻ ሳይሆን፥ በሚረግጠው መሬትና በሚሸከመው ስንቅ መሆኑን ነው። ለዚህም ምስክር አድርገን የምናቀርበው የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ፥ በተለይም ወግዲን ነው። በ1933 ዓ.ም. በዚህ አገር በአውሮፓ ሥርዓት የሠለጠነ አንድ ታላቅ የቅኝ ግዛት ጭፍራ ተጕዞ፥ በዚሁ አቅራቢያ የጉዞው ፍጻሜ ሆኖአል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የአገሩን ጠባይና የጥንቱን የዘመቻ ሥርዓት አስቀድሞ ማየት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

የአገሩ ጠባይ

ወግዲ ዛሬ በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ ይገኛል። በሰሜን በኩል መካነ ሰላም ከተማ ያለችበት የቦረና አገር ያዋስነዋል፤ በደቡብ ከላላ አለ፤ በምዕራብ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለየዋል። ደጋው ከላይ ሲታይ ለጥ ያለ፥ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፥ ፈረስ የሚጋለብበት ነው። ነገር ግን ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከአንዱ ደጋ ወደ ሌላው ለመሻገር፥ ብርድ ካለበት ተነሥቶ ትኵሳቱ ወደሚያቃጥለው ቆላ መውረድ፥ ወንዙን መሻገር፥ ከዚያም የወረዱትን ያህል እንደ ገና መውጣት ግድ ነው። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ወዲያ ማዶ ያለው መንደር በእጅ የሚደረስ ይመስላል፤ ለሚጓዝ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

እንደዚህ ያለው መሬት በጦር ላይ የሚያመጣውን ነገር በቀላል ስሌት ማስረዳት ይቻላል። በሜዳ ላይ አሥር አሥር ሆኖ ጎን ለጎን የሚሄድ 10,000 ሰው፥ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ አንድ በአንድ ሆኖ መውረድ ይኖርበታል። ከሰው እስከ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ቢራራቅ፥ ሰልፉ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢራመድ፥ የፊተኛው ካለፈበት ስፍራ የኋለኛው ለመድረስ አምስት ሰዓት ይወስድበታል። ይህም በቅሎውን፥ አህያውንና ጭነቱን ሳንቈጥር ነው። እንግዲህ ፊቱ ከወንዙ ሲደርስ ጅራቱ ገና ከሰፈሩ አልተነሣም። ፊቱ ቢመታ ጅራቱ አያይም፤ ጅራቱ ቢመታ ፊቱ አይሰማም። ስለዚህ በዚህ አገር የጦር አለቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «እንዴት እዋጋለሁ?» የሚል ሳይሆን «እንዴት ሳልበጠስ እጓዛለሁ?» የሚል ነው።

የጥንቱ የጉዞ ሥርዓት

የአገራችን የጦር ማዕርጎች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ፊታውራሪ ማለት ፊት ፊት እየሄደ የሚያወር፥ መንገድ የሚያስከፍትና ከጠላት ጋር አስቀድሞ የሚገናኝ ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፥ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ያዘምታል። ደጃዝማች፥ ስሙ እንደሚያስረዳው፥ የደጁ አዝማች ነው፤ ይኸውም የንጉሡን ድንኳን ደጅ የሚጠብቀው የመካከሉ ጦር አለቃ ነው። ከኋላ ደግሞ ደጀኑ አለ፤ የደከመውን እየሰበሰበ፥ የወደቀውን እያነሣ፥ የጠላትን የኋላ ወረራ እየመከተ ይከተላል። በኋለኛው ዘመን እነዚህ ስሞች ከስፍራቸው ተለይተው የክብር መጠሪያ ብቻ ሆኑ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም ሹመቱ ቀረ። በመሠረታቸው ግን የክብር ስሞች ከመሆናቸው በፊት የስፍራ ስሞች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ሰው በጉዞ ላይ የት እንደሚገኝ የሚናገሩ ነበሩ።

የሰፈሩም አሠራር ከዚህ የተለየ አልነበረም። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለው ስፍራ በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ጠላት ወዳለበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ይሰፍራል፤ የቀኙ በቀኝ፥ የግራው በግራ፥ ደጀኑ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ጦሩ በሌሊት ቢደነግጥ እንኳ ማንም ሰው የአለቃውን ድንኳን ለመፈለግ መብራት አያሻውም ነበር። ሰፈሩ ተኝቶ ያለ ሰልፍ ነው፤ ሰልፉም ተነሥቶ የሚሄድ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ስትቈረቈር መኳንንቱ በየጭፍራቸው ተለይተው መስፈራቸው፥ እስከ ዛሬም የከተማይቱ ክፍሎች «ሰፈር» መባላቸው የዚሁ ሥርዓት ቅርስ ነው።

የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጕድለት የቈጠሩት የሴቶችና የጓዝ ብዛትም የራሱ ምክንያት ነበረው። የኢትዮጵያ ወታደር ከመንግሥት የሚሰፈርለት የተዘጋጀ ምግብ አልነበረውም። በሶውን፥ ጭኮውን፥ ቋንጣውንና ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ይነሣል፤ እህሉን የምትፈጨው፥ እንጀራውን የምትጋግረው፥ ውሃ የምትቀዳውና ቍስለኛውን የምታስታምመው ሴት አብራው ትዘምታለች። በአውሮፓ ጦር ውስጥ በመጋዘን፥ በጋሪና በሐኪም የሚሠራውን ሥራ በእኛ ጦር ውስጥ ቤተ ሰቡ ይሠራው ነበር።

ነገር ግን የዚህን ሥርዓት ብልሃት ብቻ ተናግሮ ዋጋውን መሸሸግ ተገቢ አይደለም። ከቤት የተያዘው ስንቅ ባለቀ ጊዜ ጦሩ የሚበላው የገበሬውን እህል ነው። ጦር ባለፈበት አገር ጎተራው ይራቈታል፤ የእርሻ በሬ ይታረዳል፤ ለዘር የተቀመጠው ሳይቀር ይወሰዳል። ጭፍራ ከአንድ ሰፈር ብዙ ቀን ሊቈይ የማይችለውም ስለዚህ ነው። ወሎ ደግሞ በሸዋ፥ በጎንደርና በትግራይ መካከል ያለ የዘመቻ ጎዳና በመሆኑ፥ ይህን ሸክም በየዘመኑ ተሸክሞአል።

ዐፄ ቴዎድሮስና ጄኔራል ናፒየር

ይህን የቤተ ሰብ ጦር ወደ ደመወዝተኛና ወደ ልምምድ ጦር ለመለወጥ አስቀድመው የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ገና ደጃዝማች ካሣ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ገጥመው፥ በሥርዓት የቆመ እግረኛና መድፍ በጀግንነት ብቻ እንደማይሰበር አይተው ነበር። ከነገሡም በኋላ ጦሩን በአሥር አለቃ፥ በሃምሳ አለቃ፥ በመቶ አለቃና በሺህ አለቃ ከፍለው አደራጁት፤ ወታደሩም ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊሰጡት አሰቡ። ይሁን እንጂ ዐመፁ ስለ በዛባቸውና ግብር የሚያገቡት አገሮች ስለ ተቀነሱባቸው ሐሳባቸው አልተፈጸመም።

በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ ገደላ ገደል ሁለት ጉዞዎች በአንድ ጊዜ ተደረጉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፥ ድንጋዩን እያስፈለጡና መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ወሰደባቸው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ደግሞ 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከቀይ ባሕር ወደብ ከዙላ ተነሣ። የጄኔራሉ ብልሃት ከጠመንጃው ይልቅ በስንቁ ላይ ነበር። ከወደቡ ጀምሮ የምድር ባቡር አስዘረጋ፤ መድፉን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አስመጣ፤ በየመንገዱም እህሉንና ገፈራውን በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ አለፈ። በዚህም ምክንያት የአገሩ ገበሬ አልተነሣበትም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ የሆነው ውጊያ ለአርእስታችን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወደ ታች ሲመለከት፥ የእንግሊዝ ጓዝ ጫኝ ጠባቂ የሌለው መስሎ ከገደሉ ሲወጣ አየ። በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት የወረደውም ይህን ጓዝ ለመያዝ ነበር። ሐሳቡ በአገሩ የውጊያ ልማድ ትክክል ነው፤ ቀጭን ሆኖ የተዘረጋ ሰልፍ የሚመታው በጓዙ በኩል ነውና። ነገር ግን ከኋላ የሚጐረሰው የስናይደር ጠመንጃ የያዘው ወታደር ቀድሞ ተሰልፎ ስለ ነበረ፥ በግልጽ ቍልቍለት ላይ የሚወርደውን ጦር ረፈረፈው። ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ፥ ፊታውራሪ ገብርዬም ከእነርሱ ጋር ወደቀ፤ ከእንግሊዞች ወገን የቈሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በተሰለፈ የእሳት መሣሪያ ፊት በግልጽ ቦታ በብዛት መውረድ ከንቱ ሞት መሆኑ ታወቀ።

ከወረ ኢሉ እስከ ዐድዋ

በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፥ የሸዋና የደቡብ ጦር በጥቅምት እኩሌታ በወረ ኢሉ እንዲከት ተወሰነ። ወረ ኢሉ ከወግዲ በስተ ምሥራቅ ያለች የዚሁ የወሎ ደጋ ከተማ ናት። ስፍራዋ በማስተዋል የተመረጠ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ብዙ ጦር ሊያሳልፍ የሚችል ሲሆን፥ አገሩም መኸሩን ሊሰበስብ የተቃረበ ነበር። የወሎን ጦር የሚመሩት ራስ ሚካኤል ነበሩ፤ የወሎ ፈረሰኛም በዚያ ዘመን ዝናው የታወቀ ነበር። ከየአገሩ የመጣው ጦር መቶ ሺህ ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ መንገድ መስደድ ማለት አገሩን ባዶ ማድረግ ስለሆነ፥ የየአገሩ ጦር በልዩ ልዩ መንገድ እየተጓዘ በሰሜን እንዲገናኝ ተደረገ። ተለያይቶ መጓዝና ለውጊያ መገናኘት በአውሮፓ የጦር ትምህርት ቤቶች እንደ ታላቅ ጥበብ ይሰጥ የነበረ ነገር ነው፤ በእኛ አገር ግን ያስተማረው ረኃብ ነው።

ከፊት የቀደመው ጦር ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ደመሰሰ። ከዚያም መቀሌ ተከበበ፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ስለ ተያዘ ምሽጉ ተለቀቀ። በየካቲት ወር ግን የዐፄ ምኒልክ ጦር ስንቁ እያለቀ ሄደ። ጥቂት ቀን ቢቈይ ኖሮ መበተኑ የማይቀር ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ በሌሊት ጦሩን ያንቀሳቀሰው በዚህ ጊዜ ነው።

የኢጣልያ ጦር 17,000 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በግራ የጄኔራል አልቤርቶኔ፥ በመካከል የጄኔራል አሪሞንዲ፥ በቀኝ የጄኔራል ዳቦርሚዳ ጭፍራ ሲሄድ፥ የጄኔራል ኤሌና በደጀንነት ይከተል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ከፊታውራሪ፥ ከቀኛዝማች፥ ከግራዝማችና ከደጀን ሥርዓት ብዙ የሚለይ አይደለም። የሚለየው መሬቱን በማወቅ ላይ ነው። ካርታው ስሕተት ነበረበት፤ የኪዳነ ምሕረት ኰረብታ የተባለው ስም ለሁለት ስፍራ ሆነ፤ አልቤርቶኔ ከጓዶቹ ርቆ ወደ ፊት አለፈ፤ ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ተነጠለ። እያንዳንዱ ጭፍራ በራሱ ዘንድ በደንብ የተሰለፈ ነበር፤ በመካከላቸው ግን ተራራ ቆሞ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር በክፍተቱ ገብቶ አንዱን ከሌላው ቈረጠውና በየተራ መታው። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ። ከእኛም ወገን ፊታውራሪ ገበየሁን ጨምሮ ብዙ ሺህ ሰው ወደቀ።

ስለዚህ ዐድዋ ሥርዓት በሌለው ብዛት የተገኘ ድል ነው የሚለው አባባል አይጸናም። በዚያ ቀን ሰልፉ የተበጠሰው በልምምድ ሜዳ የሠለጠነው ጦር ነው፤ ሰልፉን ሳይበጥስ ከወረ ኢሉ ዐድዋ የደረሰው ደግሞ «የሚፈልስ ሕዝብ» የተባለው ነው።

የ1933ቱ ጉዞ በወግዲ

ከአርባ ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የክብር ዘበኛው ወታደር በአውሮፓ ሥርዓት ሠልጥኖ በጀግንነት ተዋጋ፤ ነገር ግን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ባለበት ዘመን ብዙ ሕዝብ በአንድነት መጓዝና መሰለፍ ራሱን ለጥፋት ማጋለጥ ሆነ። ከዚህ በኋላ ትግሉን የቀጠሉት አርበኞች የጥንቱን ሰፊ ሰልፍ ተዉት። ድንኳንና ነጋሪት ቀረ፤ ዝናሩን ታጥቆ፥ ስንቁን በስልቻ ይዞ፥ በጥቂት ሰው ገደል ለገደል የሚሄድ ተዋጊ ተነሣ።

ዐፄ ኀይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው፥ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ በደቡብ በኩል በመጣው የእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደብረ ማርቆስን የለቀቀው የኮሎኔል ሳቬሪዮ ማራቬንታኖ ጭፍራ ዓባይን ተሻግሮ ነበረ፤ የአዲስ አበባ መንገድ ስለ ተዘጋበትም ወደ ደራ፥ ከዚያም ወደ ሰሜን ወደ ወግዲ ደጋ አቀና። ጭፍራው ከሺህ በላይ ኢጣልያውያንና ብዙ ሺህ የቅኝ ወታደሮች ነበሩበት፤ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጨምሮ ከ10,000 ሰው ይበልጥ ነበር።

አንባቢው ከዚህ ላይ የነገሩን መገለባበጥ እንዲያስተውል እንለምናለን። በአውሮፓ መኰንኖች የሠለጠነው፥ መትረየስና መድፍ የታጠቀው የቅኝ ግዛት ጦር፥ ከመንገዱና ከመጋዘኑ በተለየ ጊዜ፥ ሴቶቹን በመካከል፥ ጓዙን በበቅሎ፥ ቍስለኛውን በቃሬዛ አድርጎ፥ ልክ እንደ ጥንቱ የኢትዮጵያ ዘመቻ ይጓዝ ጀመር። ያስገደደው ያው መሬትና ያው ስንቅ ነው። ነገር ግን የጥንቱ ዘማች ያልነበረበት አንድ ነገር ነበረበት፤ በሚያልፍበት አገር ሁሉ ገበሬው ጠላቱ ነበር። ወደ ኋላ እንደ ፈለገ መመለስ አይችልም፤ ከፊቱም የሚቀበለው ወዳጅ የለውም።

የሚያሳድደው ጦር በቍጥር ከእርሱ እጅግ ያነሰ ነበር። በኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት ሥር የነበሩት የሱዳን ወታደሮች ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት የአገሩ አርበኞች ናቸው፤ ራስ ካሣ ኀይሉም ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ። የዚህ ትንሽ ጦር ዘዴ በመሬቱ ላይ የተመሠረተ ነበር። አንዱ ክፍል ከኋላ እየነከሰ ሲከተል፥ ሌላው ክፍል፥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን ያለበት፥ ቀድሞ እንዲዞርና መንገዱን እንዲዘጋ ተላከ። በወግዲ ደጋ ላይ ውጊያ ሆነ። ጭፍራው በሜዳው ላይ መድፉንና መትረየሱን አስተካክሎ ሲተኵስ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ከሜዳው ወደ ገደል ለመውረድ ሰልፉን ማቅጠን ግድ ሆነበት፤ በቀጠነም ጊዜ ሴቶቹና ሕፃናቱ ለጥይት ተጋለጡ። ዊንጌትም ይህን ተረድቶ ለማራቬንታኖ ደብዳቤ ጻፈ፤ እጁን ካልሰጠ እንግሊዛውያን መኰንኖች ተነሥተው እንደሚሄዱና ነገሩን ለአርበኞች እንደሚተዉት አስታወቀው። በግንቦት ወር አጋማሽ 1933 ዓ.ም. ጭፍራው እጁን ሰጠ፤ ይህም በታሪክ የአጊባር እጅ መስጠት ተብሎ ይታወቃል።

የዚህን ድል ደስታ ስንናገር አንድ መራራ ነገር ማለፍ አይገባንም። ከቅኝ ወታደሮቹ ብዙዎቹ የዚሁ ምድር ልጆች ነበሩ። በወግዲ ሜዳ ላይ ከሁለቱም ወገን «እናቴ» እያለ የወደቀው ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ቋንቋ ነበር የሚጣራው። የቅኝ ገዢ ትልቁ የሰልፍ ጥበብ የአገሩን ሰው በአገሩ ሰው ላይ ማሰለፉ ነው፤ ይህንንም ጥበብ በዐድዋ በአልቤርቶኔ ጭፍራ ውስጥ፥ በወግዲም በማራቬንታኖ ጭፍራ ውስጥ እናየዋለን።

ማጠቃለያ

እነዚህን ሦስት ዘመናት አስተያይተን ስናይ፥ የድሉ ምክንያት እኩል መርገጥ ወይም አለመርገጥ አለመሆኑን እንረዳለን። ናፒየር ያሸነፈው ስንቁን ከገበሬው በብር ስለ ገዛና ጓዙን ስላስጠበቀ ነው። ባራቲየሪ የተሸነፈው በማያውቀው ተራራ መካከል ሰልፉን ስለ በጠሰ ነው። ማራቬንታኖ የተማረከው የሚሸከመው ሕዝብ ከሚያሳልፈው መንገድ ስለ በለጠና የአገሩ ሰው ስለ ጠላው ነው። ልምምድ ወታደሩን ያጸናል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ልምምዱ የሚጠቅመው ለተለማመዱበት መሬት ሲሆን፥ ስንቁም ሲከተለው ነው።

የጦር ታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሰልፉ ፊት ስላሉት ነው፤ የፊታውራሪውም ስም ይታወሳል። ከሰልፉ መካከልና ከሰልፉ ውጭ የነበሩት ግን፥ ወፍጮ ተሸክማ የዘመተችው ሴት፥ ሁለት ጭፍራ በተራ ያለፈበት ገበሬ፥ በጽሑፍ ውስጥ ስፍራቸው ጠባብ ነው። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ እንዳየነው፥ ሰልፉን ያቆመችውም እርስዋ ናት፤ ሰልፉን ያሳለፈውም የከለከለውም እርሱ ነው። በወግዲ፥ በቦረናና በከላላ ደጋ ላይ ያለው የጉዞ መንገድ፥ የወንዝ መሻገሪያውና የገደል መውረጃው ስም በየአገሩ ሽማግሌዎች አፍ ይገኛል። የዘመቻ ታሪክ ተማሪ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት እነዚህን ስሞች ቢጠይቅና ቢመዘግብ፥ ባራቲየሪ በዐድዋ ያጣውን ዕውቀት ያገኛል።